ዕረፍት ቀኖና የሆነባቸው መሪጌታ ንብረት አዛናው

የፎገራ ሜዳ ውኃ ሳይጎድል፣ በጭቃው ላይ ተሸክመን ለቀብር ከዚህ ያደረስናቸው መሪጌታ ንብረት፣ ከአባታቸው ከቄስ አዛናውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋነሽ በርብ ወንዝ አጠገብ በ1903 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው ቆጥረው፣ ድጓውን ቤተልሔም አስመስክረው፣ በመቋሚያ ቆመው እያሸበሸቡ የሚዜመውን አቋቋም ደብረ ታቦር ከተማሩ በኋላ፣ ወደ ወረታ ተመልሰው በዚህ በቅዱስ ሚካኤል ደብር ጉባኤ ዘረጉ። ከወይዘሮ እማዋይሽ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

መቋሚያቸውን ይዘው ከመካከል ሲገቡ የደከመው ማኅበር ሁሉ ይነቃ ነበር። ሙት ወቃሽ አያድርገንና፣ ግትርም ነበሩ።

በ1951 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ሲሰግዱ አንዳች ነገር ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸውና እስከ ግራ ክንዳቸው ዘለቀ። እርሳቸው ግን ስግደት የሚጠላ ሰይጣን ነው ብለው ስግደቱን ጨመሩበት፤ ሲጨምሩ ሕመሙም ጨመረ። ከፋሲካ በኋላ ወይዘሮ እማዋይሽ ለምነው ዋንዛዬ ፍል ውኃ ቢወስዷቸው፣ እዚያ ቁጭ ብለው ሲታጠቡ ሰንብተው ሕመሙ ዝር ስላላለ፣ ድኛለሁ ብለው ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ወረብ ማስጠናት በጀመሩ ቀን ግን በተማሪዎቻቸው ፊት ወደቁ።

ጎንደር ወስደናቸው፣ በዚያ የነበሩት ሐኪም ሁለት የእንጨት ደረጃ ደጋግመው አስወጥተው አስወርደው፣ ወዲያው የልባቸውን ምት በወረቀት በሚጽፍ መኪና ቢለኩት፣ መስመሩ ተዛብቶ ተገኘ። ልብ ሥራ ሲበዛበት ብዙ ደም ይሻል፤ የእርሳቸው የልብ ደም ሥር ግን ጠቦ ደሙ ከነአየሩ በበቂ ስለማይደርስ፣ ልባቸው ምግቡን ያለ አየር አብላልቶ ኃይል ማውጣት ግድ ይሆንበታል፤ ያን ጊዜ እንደ ከረመ ሊጥ ኮምጣጣ ነገር ይጠራቀምበታል፤ ሲያርፉ ግን ደሙ ኮምጣጣውን አጥቦ ይወስደዋል፣ ልብም ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ጭምደዳው ልብ አሳርፉኝ ብሎ የሚጮኸው ነውና ሊሰሙት ይገባል ብለው አስረዷቸው።

መሪጌታ ነገሩ ቢገባቸውም መቀመጡን አሻፈረኝ አሉ። ተቀምጦ የሚያስተምር የአቋቋም መምህር ማን ያውቃል? ተማሪው ይበተናል፣ የያዝኩት ዜማ ከእኔ ጋር ይቀበራል ብለው ከሞት ይልቅ ይህን ፈሩ። የንስሐ አባታቸው መምሬ ያየህ ይህን በሰሙ ጊዜ፣ ስግደቱም ሽብሸባውም ኩራት ሆኖብዎታል፤ ከእንግዲህ ቀኖናዎ መቀመጥ ነው ብለው አዘዟቸው። የሐኪም ቃል ይታለፍ ይሆናል፤ የንስሐ አባት ቀኖና ግን አይታለፍምና፣ እያጉረመረሙ ተቀመጡ።

የፈሩት አልቀረም፣ ከተማሪዎቻቸው አንዳንዶቹ ጥለዋቸው ሄዱ። የቀሩትን ግን በርጩማ ላይ ሆነው ሲያዳምጡ፣ ራሳቸው ሲያሸበሽቡ ሰምተውት የማያውቁትን ስሕተት ሁሉ ይሰሙ ጀመር፤ አንዲት እግር ብትዛነፍ ዝም አይሉም። ይህ ወሬ ሐሙሲት ድረስ ተሰምቶ ተማሪው ከቀድሞው በዛ። ሐኪሙ ለክፉ ቀን የሰጧቸውን ከምላስ ሥር የምትቀመጥ ክኒን በኪሳቸው ይዘው፣ ሲይዛቸው እያረፉ፣ ሲለቃቸው እያስተማሩ ዐሥር ዓመት ኖሩ።

ዘንድሮ በ1961 ዓ.ም. በፍልሰታ በዓል ማኅሌቱን ተቀምጠው ከሰሙ በኋላ፣ ዛሬስ የማርመው አጣሁ ብለው ፈገግ እንዳሉ ወደ ቤታቸው ገቡ፤ በማግስቱም በዚያው በልባቸው ሕመም በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ እማዋይሽን፣ ልጆቻቸውን ደብረወርቅን፣ ማረውንና ሸዋዓለምን፣ በየደብሩም ዛሬ ማኅሌት የሚመሩ ብዙ ደቀ መዛሙርትን ትተውልናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ ለቤተ ሰባቸውም መጽናናትን ይስጥልን። መምሬ ያየህ ዛሬ ከፍትሐቱ በፊት ቀኖናቸውን ፈትተውላቸዋልና፣ ከእንግዲህ ከመላእክት ጋር ቆመው ያሸብሽቡ። አሜን።