በእጅ ሥራ የተከፈለ ትምህርት

ያን ዕለት ጠዋት እንደ ሌላው ቀን ነበር። ተነሣሁ፣ ሻይ ጣድሁ፣ ቤቴን ጠረግሁ። ከአልጋው ሥር ያለውን የባለቤቴን የእንጨት ሣጥን እንደ ልማዴ ሳልነካ ዙሪያውን ብቻ ጠረግሁ። ምንይሉ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ዘንቢሌን ይዤ ከአብነት ወደ መርካቶ ሄድሁ።

የወጣሁት ሽንኩርት ልገዛ ነበር። የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኙ የጋሼ ባህረዲን ሱቅ በር ላይ ስደርስ ግን ልጃቸው ሱሀይር መተላለፊያውን ዘግታ ቆማለች። ጆንያ የተሸከመ ሰው «እህት፣ ወይ ግቢ ወይ ውጪ!» ይላታል፤ አትሰማውም።

«እትዬ ማርያማዊት! አላህ ነው ያመጣዎት!» ብላ ክንዴን ያዘች። «አባን ያናግሩልኝ። እስከ ስድስት ሰዓት መልስ ካልሰጠሁ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል!»

ነገሩ እንዲህ ነው። አውቶቡስ ተራ አጠገብ ያለ አንድ የልብስ ቅድ ማሠልጠኛ ግማሾቹ መኪኖቹ ቆመውበታል። ሱሀይር አባቷ ሱቅ ውስጥ ያደገች ጠጋኝ ናት፤ ንድፍና ቅድ መማር ትፈልጋለች፣ የምትከፍለው ግን የላትም። ኃላፊዋ ወይዘሮ ኢየሩስ «አንቺ መኪኖቻችንን ጠግኚ፣ እኛ እናስተምርሽ» ብለዋታል።

ጋሼ ባህረዲን ካቻቢቴያቸውን እንደ ጣት ቀስረው ከውስጥ ወጡ።

«ይስሙ እትዬ! ልጄ በነፃ ልትሠራ ነው። ሰው ምን ይላል? ባህረዲን ልጁን ለሰው ቤት ሎሌ ሰጠ አይልም?»

«በነፃ እኮ አይደለም፣ ጋሼ። የምትቀበለው ነገር አለ።»

«ምን? ወረቀት ላይ የተሣለ ቀሚስ? ብር ኪስ ይገባል፤ ትምህርት የት ይገባል?»

«እዚህ» አለች ሱሀይር ግንባሯን ነክታ። «መርካቶ ኪስ አውላቂ ሞልቷል፤ ይሄን ግን ማንም አይወስድብኝም።»

ጆንያ የተሸከመው ሰው ሳይቀር ሳቀ። አባቷ ግን አልሳቁም።

ገንዘብ ከሥራ በኋላ የመጣ መሆኑን፣ ሥራም ያለ ገንዘብ በሥራ ሊለወጥ እንደሚችል በረጅሙ ላስረዳቸው አሰብሁ። ተውሁት። የራሳቸውን ታሪክ ብጠይቃቸው ይሻላል አልሁ።

«ይህን ሙያ እርስዎ ከማን ተማሩ?»

ፊታቸው በራ። «ከወሎዬው ከእንድሪስ ነዋ፣ አላህ ይዘንለት! ከስልጤ ስመጣ ልጅ ነበርኩ። መኪናውን በጫንቃዬ ከደንበኛ ቤት አመጣለሁ፣ ሱቁን እጠርጋለሁ፣ ብረቱን በላምባ አጥባለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አስፈትቶ ያስገጥመኛል።»

«ደሞዝዎስ?»

«የምን ደሞዝ? ሙያ እያስተማረኝ!»

ሱሀይር አጨበጨበች። «አባ! እንግዲያው አንተም ሎሌ ነበርክ!»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን!» ካቻቢቴውን በእጃቸው አገላበጡት። ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። «እንድሪስ ግን ሰው ነበር፤ ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ሚስቱን አውቃታለሁ። ትምህርት ቤት ምን ፊት አለው? ዛሬ መኪና ጠግኚ ይላል፣ ነገ ወለል ጥረጊ። አሠርተው ትምህርቱን ቢያስቀሩባትስ?»

ይህ ስጋት ተገቢ ነበር። እንዲህ ያለው ልውውጥ የሚበላሸው ልኩ አስቀድሞ ሳይነገር ሲቀር ነው።

«እዚህ ላይ እውነትዎን ነው» አልኋቸው። «ስለዚህ አብረን እንሂድ። የምትሠራው ሥራና የምታገኘው ትምህርት በምስክር ፊት ይለይ። ትምህርቱ ቢቋረጥ የሠራችበት ይከፈላት። ከዚያ ያለፈ ሥራ ሲመጣም ዋጋው ለብቻው ይሁን።»

«ምስክሩ ማን ነው?»

«እኔ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «የምንይሉ ሚስት ከመሰከረችማ ይበቃኛል» አሉ። «ይሁን፤ ትማር!»

ሱሀይር እልል አለች። «በል አባ፣ የመጠገኛ ዕቃውን ስጠኝ!»

«ዕቃ? ገና መክፈቻ አላገኘሁም እኮ! የዕለቱ የመጀመሪያ ደንበኛ ሳይከፍለኝ ከዚህ ሱቅ አንዲት ብሎን አትወጣም።»

«መክፈቻ እኔ ልሁንዎ» አልሁ።

«እርስዎ የሚጠገን መኪና አላመጡም። ሳልሠራ ብር ልቀበል?»

አንድን ሰው በአንድ ጠዋት ከሁለት ልማድ ማላቀቅ እንደማይቻል ገባኝ። ሰዓቱ ግን ይሮጣል፤ ጠጋኝ ደግሞ ባዶ እጇን አትሄድም።

«ቆዩኝ» ብዬ ዘንቢሌን በሱቁ በር ትቼ ወደ ቤቴ ሮጥሁ። በአብነት መንገድ ሳልፍ አንድ ወያላ «እናት፣ ታክሲ እኮ አለ!» ብሎ ጮኸ። ሣጥኑን ከአልጋው ሥር ጎትቼ ከፈትሁት። ቀጫጭኖቹ ካቻቢቴዎች፣ ፒንሳው፣ የዘይቱ ጠርሙስ፣ ሁሉም ምንይሉ እንዳስቀመጣቸው ነበሩ። ብዙ አላየኋቸውም። ክዳኑን ዘግቼ ሣጥኑን ለሱሀይር ወሰድሁላት።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሦስታችንም ማሠልጠኛው ደረስን። ጋሼ ባህረዲን ገና ሳይቀመጡ «ልጄ ወለል አትጠርግም!» አሉ። ወይዘሮ ኢየሩስ ሳቁ፤ የጠየቅነውንም ሁሉ ተቀብለው አጻፉ። እኛ ስንነጋገር ሱሀይር ስፌት የሚዘል አንድ መኪና ፈትታ ገጥማ ነበር። ጨርቁ ቀጥ ብሎ ተሰፍቶ ሲወጣ አባቷ ለክፍሉ ሁሉ «ያስተማርኳት እኔ ነኝ!» እያሉ አወጁ።

ቀድሞ በአንድ መኪና ለሦስት ይጠባበቁ የነበሩ ተማሪዎች ዛሬ ተራ አይጠብቁም። ሱሀይር ቀሚስ ነድፋ ትቀድዳለች። ተመርቀው መኪና የሚገዙትም ለጥገና ወደ ጋሼ ባህረዲን ይመጣሉ። እሳቸውም ለጎረቤታቸው ለአናጢው አብራር «ልጅህ እዚያ ወንበር ይሥራና ይማር፤ ነፃ አይደለም፣ ልውውጥ ነው» ብለው ሲሰብኩ ሰምቻቸዋለሁ። እጁ ሙያ ያለው ሰው የምከፍለው የለኝም ብሎ ከትምህርት በር መመለስ የለበትም። ትምህርት ቤትም የተሰበረ ዕቃ ይዞ ጠጋኙን ደጅ ማቆም አይገባውም።

ሱሀይር ሣጥኑን ልትመልስ መጥታ ነበር። ትምህርትሽን እስክትጨርሺ ካንቺ ይሁን አልኋት።

ዛሬ ጠዋት ቤቴን ስጠርግ መጥረጊያው ከአልጋው ሥር ምንም ሳያግደው አለፈ። ሣጥኑ እዚያ የለም።