የማን እጅ ነው?

ከቀፊራ ገበያ በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ አንድ አዛውንት ነጋዴ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ወጣት አወቋት። ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የድሮ ፎቶዎችን ስካን እያደረገች ኢንተርኔት ላይ የምታስቀምጥ ልጅ ናት።

“ልጄ፣ ያ የሰጠኋችሁ የቤተሰባችን ፎቶ ይውረድልኝ።”

“ባቡር ጣቢያው በር ላይ የተነሳችሁት? ምነው ጋሼ፣ ስንቱ ወዶታል እኮ!”

“አቦ ተይኝ! ትናንት የልጅ ልጄ በስልኳ አሳይታኝ፣ ‘ትከሻህ ላይ ያለው እጅ የማን ነው?’ አለችኝ።”

“እኛም መጀመሪያ ግራ ገብቶን ነበር። ምን አሏት?”

“የእህቴ። ሳታስፈቅደን ስታገባ ተናድጄ በመቀስ ቆርጬ አወጣኋት። እጇ መቅረቱን ወላሂ አላየሁም። ልጆቿ ሳያዩት አውርጂው።”

“አይተውታል ጋሼ። እናታቸው ጋ ያለውን ሙሉውን ፎቶ አምጥተውልን ከእርስዎ ፎቶ ጎን አስቀምጠነዋል።”

“ያ አላህ! እሷስ? ሰደበችኝ?”

“ኧረ በጭራሽ! ደውላ አንድ ነገር ብቻ ለመነችን።”

“ምን ብላ?”

“‘የተቆረጠውን ማን እንደሰጣችሁ አትጻፉ፤ ወንድሜ ያፍራል’ ብላ።”

መጋላ ሰፈር ስንገባ ልጅቷ ስልኳን አወጣች።

“እና ላውርደው ጋሼ?”

“ተዪው። ከሥሩ ስሜን ጻፊበት።”

እኔ በማያገባኝ ወሬ ገብቼ መምከር የማይከብደኝ ሰው፣ መውረጃዬ እስኪደርስ ቀና ብዬ ሁለቱንም ማየት አልቻልኩም።