ነሐሱ አበራ፣ በሩ እምቢ አለ

«እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ኢንዱበን! መንገዱ እንዴት ነበር? ባቡሩ ሞልቶ ነበር? ከናዲያድ እስከዚህ ያለው አቧራ እኮ አያስመጣም። ባሚያ እንኳ ዘንድሮ ከነአቧራው ነው የሚሸጠው... ኧረ ይቀመጡ... ለካ ቆመዋል። ይሁን፣ መቆም ጥሩ ነው። ለጉልበት ከመቆም የተሻለ መድኃኒት የለም ይላሉ። ወዲህ ጠጋ ይበሉ፣ ወደ መስኮቱ። በአሕመዳባድ አሮጌ ሰፈር እንደዚህ መስኮት ነፋሻ ቦታ አያገኙም።»

ጃምናባ ይህን የሚሉት ከውስጥ ሆነው፣ የመስኮቱን ፍርግርግ በሁለት እጃቸው ይዘው ነው። ኢንዱበን ደግሞ ከውጭ፣ ጠባቡ መተላለፊያ ላይ፣ የጣፋጭ ካርቶን ታቅፈው ቆመዋል። የመጡት ከባለቤታቸው ጋር የጃምናባን የልጅ ልጅ፣ ዳርሺታን፣ ለልጃቸው ሊያዩ ነው። ልጁ ጨዋ፣ ቤተሰቡ የተከበረ። እንዲህ ያለ ጋብቻ ሁለት ጊዜ ደጅ አይመጣም። እንግዳ ደጅ አቁሞ የመለሰ ቤት ደግሞ ወሬው ከእንግዳው ቀድሞ ናዲያድ ይገባል። ጃምናባ ይህን ስለሚያውቁ ፈገግታቸውን ከከንፈራቸው አያወርዱም።

በሩ አልተከፈተም። ከበሩ ኋላ የአንዲት ልጃቸው ባል፣ የዳርሺታ አባት፣ ተንበርክኮ የነሐሱን የበር ሰንሰለት በማንኪያ እጀታ ይፈለቅቃል። ይህ አማች ድሮ ለሠርጉ መጥቶ በዚያው የቀረ ነው። ጃምናባ የዚያን ዕለት ስሙን አንድም ጊዜ አልጠሩም፤ እሳቸው ያልጠሩትን የምንጠራ እኛ ምን ቤት ነን?

«በሩን ነው የሚያዩት? ይታይ እንጂ! ለመታየት አይደል የተወለወለው? ቀለበቱን ይዩት፣ ማጠፊያውን ይዩት፣ ጉብ ጉብ ያሉትን ምስማሮች ይዩልኝ! ፊትዎ አይታይዎትም? እኔ ዛሬ ጧት አየሁበትና ደነገጥኩ። በዚህ ቤት እጁ የማይቦዝን ሰው አለ። አንድ ሰው ነው... ማንነቱ ምን ያደርግልዎታል? በኮምጣጣው የሮቃ ፍሬና በአመድ ነው ያሸው። ሮቃ ጥሩ ነው፣ እናቴም በሮቃ ነበረች። ያ ሰው ግን አምና ለሮቃው ትዕግሥት አጣና የሽንት ቤት አሲድ አፈሰሰበት። ሳሎን የምንቀመጥበት ዥዋዥዌያችን ላይ ያሉት የነሐስ ዝሆኖች ሮዝ ሆነው ወጡ። ሮዝ ዝሆን አይተው ያውቃሉ፣ ኢንዱበን? እኛ አራት አሉን። እግሬ እስኪቀጥን ብዞር በሌላ ቤት አላገኝም!»

ከበሩ ኋላ የማንኪያው ድምፅ ቆም አለ። ከዚያ ቀጠለ።

«ትጋት እኮ ነው! ባለቤቴ፣ ነፍሳቸው ትረፍ፣ ስማቸው በበሩ የነሐስ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ነበር። የሞቱት አንድ ጊዜ ነው፤ ከሰሌዳው የጠፉት ግን ባለፈው የዲዋሊ በዓል ነው። ያ ሰው ወለወለ፣ ወለወለ... ፊደሉ አለቀ። አሁን ሰሌዳው ባዶ ነው። ግን ምን ዓይነት ባዶ! ዓይን ያጥበረብራል። ‹ሲያጌጡ ይመላለጡ› የሚለው ምቀኛ ነው። እኛ ቤት ተመላልጠንም እናበራለን።»

ኢንዱበን ካርቶኑን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። የጃምናባ ዓይን ካርቶኑን ተከተለ። ወደ መጣበት እንዳይዞር ፈርተዋል።

«ዘንድሮ ደግሞ ይባስ ተማረ። ‹ነሐስ አየር ሲነካው ይጠቁራል፤ መወልወል ብቻ ምን ያደርጋል፣ መጠበቅ ነው እንጂ› ብሎ ስልኩ ነገረው። የስልኩን ይሰማል፤ የአማቱን...»

ጃምናባ ምላሳቸውን ነከሱ። የሙሽራይቱን አባት በወንዱ እናት ፊት ማዋረድ የራስን ገበያ መዝጋት ነው። ግን ማንኪያው ቂው ቂው እያለ ነበርና የተነከሰው ምላስ ብዙ አልቆየም።

«የአማቱን ስልክ ማለቴ ነው። እኔ ስልክ የለኝም፤ ስለዚህ እኔን አይመለከትም። ብቻ ቫርኒሽ ገዛ። ቀባ። ደርቦ ቀባ። እጁ አንዴ ከጀመረ ምን ያቆመዋል? የዥዋዥዌውን ሰንሰለት ቀባ፤ ይኸው አሁን ዥዋዥዌያችን አይወዛወዝም። እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ራሱን ለሚያዞረው እንግዳ እንዴት እንደሚመች! ከዚያ የበሩን የውስጥ ሰንሰለት ቀባ... ከነተቆለፈበት።

«ምን? በሩን ያዘጋው ማነው? ይህ አሁን ምን ይሠራልዎታል? አንዲት አሮጊት፣ ‹የመንገድ አቧራ እርጥቡ ላይ እንዳይለጠፍ በሩ ይዘጋ› ብላ ይሆናል። ይዘጋ ነው ያለችው፤ ይጋባ አላለችም። ይኸው ሰንሰለቱና መንጠቆው ተጋብተው አረፉት። እግዚኦ፣ በዚህ ቤት ፍቺ እንኳ አይታሰብም፤ እንኳን በሰው በብረቱም!

«አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይላሉ፣ አይደል? ሃያ ዓመት የተቀመጠውንስ ምን ይሉታል? ነሐስ ይሆን እንዴ? እንዲያው ለማወቅ ነው። እኔ ነሐስ እወዳለሁ። ይጠቁራል፣ ይከብዳል፣ በየበዓሉ መታሸት ይፈልጋል፣ ግን የትም አይሄድም...»

ይህን ሲሉ ከበሩ በኩል የወንድ ጩኸት ተሰማ። የኢንዱበን ባለቤት ራሲክላል፣ ሴቶቹ በመስኮት ሲያወሩ ሰልችቷቸው፣ ሊያንኳኩ የውጩን ቀለበት ከነሰፊው የነሐስ መደቡ በሙሉ መዳፋቸው ጨብጠውት ነበር። ቀለበቱ የመጨረሻውን ቫርኒሽ የጠጣው ጧት ነው፤ ገና አልደረቀም። ራሲክላል ሳቡ። ቀለበቱም ሳበ። በመጨረሻ መዳፋቸው ጧ ብሎ ተላቀቀና፣ ሳያስቡት በነጭ ኩርታ ሸሚዛቸው ጠረጉት። ኩርታውም ተያዘ።

ጃምናባ አንገታቸውን አስግገው ቀለበቱን አዩ። አምስት ጣትና አንድ መዳፍ፣ መስመር በመስመር፣ ነሐሱ ላይ ታትሟል። የኢንዱበንን ፊት አዩ። ፊቱ ወደ ባቡር ጣቢያው ዞሯል። ከበሩ ኋላ ማንኪያው ቆመ። ጋብቻው አበቃለት።

«ኢንዱበን...» አሉ ቀስ ብለው። «እንኳን ደስ ያለዎት።

«ምነው፣ አልታየዎትም? የኛ ሴቶች ልጆች ሲዳሩ መዳፋቸውን ቀይ ቀለም ነክረው የአባታቸውን ደጅ አትመው አይደል የሚወጡት? እርስዎም አትመው ነው የወጡት፣ እኔም አትሜ ነው የወጣሁት። ለመሆኑ የወንዱ አባት መጥቶ፣ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ፣ የሙሽራይቱን በር በመዳፉ ሲያትም አይተው ያውቃሉ? እኔ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ አላየሁም። የሰው ሥራ ይመስልዎታል? ሰውየውንማ አውቀዋለሁ... የሱ ሥራ ቢሆን እንዲህ አይሳካም ነበር።

«ደግሞ አይለቅም እኮ! የሌላው ሙሽራ መዳፍ በክረምት ታጥቦ ይሄዳል። ይሄ ቫርኒሽ ነው። ላብ የነካው ነሐስ ከቫርኒሹ ሥር ቀን በቀን እየጠቆረ፣ እየጎላ ነው የሚሄደው። እንግዲህ ልጅቷን ሳያዩ ቢመለሱ፣ ጎረቤት ‹የማን እጅ ነው ይሄ?› ሲለኝ ምን ልበል? ‹የራሲክላል ነው፤ ከናዲያድ ድረስ መጥተው በራችንን ጨብጠው ሄዱ› ልበል? ‹ባለቤቱን ካልናቁ በሩን አይነቀንቁ› ሊል ነው ሰው። እኔስ አልልም። ሰው ነው እንጂ ክፉ...»

ኢንዱበን የሳሪያቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ጃምናባ ልቅሶ መስሏቸው ክው አሉ፤ ሳቅ ነበር። ኢንዱበን ባላቸውን አዩ፣ የተጣበቀውን ኩርታ አዩ፣ እንደገና ሳቁ፤ እንባቸውን ጠርገው የካርቶኑን ክዳን ከፈቱና፣ ልጅቷ ትምጣ በሚል በእጃቸው ጠቀሱ።

ዳርሺታ ከበሩ በኩል መጣች። በእጇ የጥፍር ቀለም የምታስለቅቅበትን አሴቶን ይዛለች፤ አባቷ በማንኪያ ሲታገል እሷ ጠብታ በጠብታ ሰንሰለቱን ስታርስ ነበር። ኢንዱበን ከወተት ጣፋጩ ቆርሰው በፍርግርጉ መሐል እጃቸውን አስገቡና አጎረሷት። በዚያ አገር አፍ ከጣፈጠ ጋብቻው ተቆርጧል። ጃምናባ በመጨረሻ ፍርግርጉን ለቀቁ።

ልጅቷ የቀረውን አሴቶን ሄዳ አፈሰሰችበት። ሰንሰለቱ ሸተት አለ። በሩ ተከፈተ። እንግዶቹ፣ ራሲክላል እጃቸውን እንደ ቁስለኛ ከፍ አድርገው፣ ገቡ።

ያ ሰው ከጉልበቱ ላይ አቧራውን እያራገፈ ተነሣ። ከሽሙጡ ሁሉ ልቡ የያዘው የመጨረሻውን ብቻ ነበር፤ ፊቱ ከበሩ ይበልጥ ያበራል። ጋብቻውን ያሰረው የማን ቫርኒሽ ነው? የሱ! በእንግዶቹ ፊት ጎንበስ ብሎ የጃምናባን እግር ነካና፣ ምርቃቱን ሳይሰማ ላይነሣ በዚያው ቀረ።

ጃምናባ እጃቸውን በራሱ ላይ አኖሩ። በዚያ አገር ሰው ሞቶ ዳግም ይወለዳል፣ ትዳርም ሰባት ልደት ይዘልቃል ይባላል። ድምፃቸው ማር ሆነ።

«ተነሥ፣ ተነሥ ልጄ! እዩልኝ፣ ኢንዱበን፤ ለዚህ ሰው ምርቃት ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። እጅህ አይዛል። ልጄን በዚህ ልደት ብቻ ሳይሆን በሰባቱም ልደትህ ሚስትህ ያድርጋት። ሰባቴ ስትወለድ ሰባቴ እሷን አግባ፤ ሰባቴም እዚሁ ቤት ይሙላልህ። ለእኔ ለእናትህ ደግሞ... እኔ ለራሴ ምን እለምናለሁ? አንተን አንድ ጊዜ አየሁ፣ በቃኝ። ዳግመኛ ከመወለድ ይገላግለኝ።»