ባዶውን የሚመለሰው ምሳ ዕቃ

ሄሎ? … አቤት፣ እትዬ። … አለሁ፣ ደኅና ነኝ። … አዎ፣ ቤት ነኝ። ዛሬ ፀጉር ቤት አልገባሁም፣ አስፈቅጄ ነው። … ሚጣም እዚሁ ናት። … አላመማትም። … አላመማትም አልኩሽ እኮ፣ እህቴ።

ምሳ አቀረብሽ? … እንግዲያው አንሺው። ዛሬ አትመጣም። … ነገም አትመጣም። … ከትምህርት ቤት ስትወጣ እኔው እቀበላትና ፀጉር ቤት አጠገቤ ቁጭ ትላለች። … እስከ መቼ? እኔ እንጃ። ልጄ አይደለች? እስከፈለግኩት ጊዜ ነዋ።

… ሄሎ? እትዬ፣ ትሰሚኛለሽ? … መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነው።

— ሚጣ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሺው። … ቀንሺው እንጂ አጥፊው አላልኩም። … እሺ ይጥፋ፣ ክፍልሽ ግቢ። በሩን ዝጊው። —

ጠዋት ክሊኒክ ወስጃት ነበር። … ትናንት ትምህርት ቤት ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ አጥሯት መሃል ላይ ቁጭ አለች ብለው ደወሉልኝ። … ለአንቺም ደወሉ? … ከእኔ በፊት? … ሌላውን ተይው፣ ከእኔ በፊት ነው ወይ? … ጎሽ። የኔ ስልክ ተጠባባቂ ነዋ።

… ልቧ ደኅና ነው። ሳንባዋም ደኅና ነው። ክብደቷ ነው። … ምኑ ነው አጥንት? አጥንቷ ነው አትበዪኝ። እኔም እንደ አንቺ አጥንቷ ነው፣ ስታድግ ትመዘዛለች ስል ኖሬያለሁ። ሐኪሟ በእርግጥ ከቤተሰብ የሚወረስም አለ፣ ወፍራም ዘመድ አላት ወይ አለችኝ። … አዎ፣ አንቺን ነዋ። ማንን ልበል ታዲያ?

ቆይ፣ ዋናውን ልንገርሽ። ሚዛን ላይ ከመውጣቷ በፊት ነርሷ ጉርድሽን አውልቂ አለቻት። ሚጣ አላወልቅም ብላ ወገቧን ጥርቅም አድርጋ ያዘች። እኔም እፍረት መስሎኝ ላግዛት ብዬ ገለጥ ሳደርገው፣ ወገቡ ላይ ሌላ ጨርቅ ገብቶበታል። ሰማያዊ ነው፣ ግን የዩኒፎርሙ ሰማያዊ አይደለም። ስፌቱን አየሁት፣ እትዬ። ያን ስፌት የማላውቀው መሰለሽ? በልጅነቴ የለበስኩት ቀሚስ ሁሉ በእሱ ነው የተጠገነው።

… ሁለት ጊዜ አስፍተሽዋል። ከውስጥ ሌላም ጨርቅ አለ። … አልቅሳ ለመነችሽ? … "ለእናቴ እንዳትነግሪያት" አለች? … እና አልነገርሽኝም። ልብሷ እንደጠበባት የምታውቂው አንቺ፣ የምታሰፊው አንቺ፣ እኔ በየጠዋቱ ሸሚዟን ተኩሼ አለብሳታለሁ፣ ምንም አላየሁም።

… ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ተቀደደባት? … ልጆቹ ሳቁ? … ስምም አወጡላት። … ምን ብለው? … አይ፣ ንገሪኝ። ሰማይ አይወድቅብኝም። …

… እሺ። ተይው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለካ እንዲህ ሲሆን ነው።

ሐኪሟ ብዙ ጠየቀችኝ። ምን ትበላለች፣ ምን ትጠጣለች፣ ስንት ሰዓት ትተኛለች፣ መቼ ትሮጣለች። እኔም ለሁሉም አክስቷ ቤት ነው፣ አክስቷ ቤት ነው እያልኩ መለስኩ። … አዎ፣ ስምሽን አነሳሁት። ውሸት ነው? ኬኩ የማን ነው? … ጭማቂውስ? … ጠርሙሱ ላይ ብርቱካን ስለተሳለበት ፍራፍሬ ነው ማለት ነው? ሐኪሟ የተበጠበጠ ስኳር ነው ያለችው። … ከትምህርት ቤት እስከ ቤትሽ ድረስ ደግሞ አንድ መታጠፊያ መንገድ ነው፤ በመኪና ነው የምትጭኛት። … ፀሐዩ? የምን ፀሐይ? መኪናዋ ውስጥ የምታወራሽን ወሬ ፈልገሽ ነው እንጂ።

… ታብሌቱን? አዎ፣ እኔ ነኝ የገዛሁላት። … ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እትዬ ግቢ ገመድ ልዝለል እያለች ጫማዋን ስታጠልቅ፣ አንድ ቀን እንኳን ከእኔ ጋር ትዋል ብዬ ነው። … ያው አብራኝ ናት እኮ። … እሷ ሶፋው ላይ፣ እኔ ወጥ ቤት፣ ግን አንድ ቤት ነን። … አምሽታ ታያለች፣ አላየሁም አልልም። … ቅናት? ሌላ ስም አውጪለት።

… ብስክሌቱን አታንሺብኝ። … አልጣልኩትም፣ በረንዳ ላይ ከፍራሹ ኋላ ነው። … መንገዱ መኪና ይበዛበታል ብዬሻለሁ። … የአንቺ ግቢ ውስጥ የሚያልፍ መኪና የለም፣ እሱስ ልክ ነሽ። … ለልደቷ እኔ ጫማ፣ አንቺ ብስክሌት። ጫማውን እስከ ዛሬ አላነሳችውም። ያን ቀን የማን አንገት ላይ እንደተጠመጠመች አይተሻል፣ እኔም አይቻለሁ።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽና ከዚያ እንደፈለግሽ ተቀየሚኝ። ሐኪሟ መጨረሻ ላይ ሚጣን ሲከፋሽ ለማን ነው የምትነግሪው አለቻት። … ለእትዬ አለች። እጄን ይዛ። እጇ እጄ ውስጥ እያለ ለእትዬ አለች። ሐኪሟም ታላቅ እህት አለሻ ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

… አላለቀስኩም። ጉንፋን ነው።

እኔ እኮ አልሰነፍኩም። ፀሐይ ሳትወጣ ተነስቼ ምሳዋን እቋጥራለሁ። ሩዙን፣ እንቁላሉን፣ ዳቦውን ለይቼ። ማታ ምሳ ዕቃውን ስከፍተው ተልሶ ነው የሚመለሰው፤ የሩዝ ፍሬ አይቀርበትም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የሰው ፀጉር ስጠቀልል የምውለው እሱን እያሰብኩ ነው። … ምን? … እስኪ ድገሚው።

… "እናቴ ምሳ አልቋጠረችልኝም" አለችሽ? ትናንት? … በየቀኑ? …

… እና አመንሻት? እኔ ልጄን በባዶ ሆዷ የምሰድ? አንድ ቀን ደውለሽ አትጠይቂኝም? … እንዳይሰማኝ ብለሽ። ደግ። እኔን የእንጀራ እናት አድርገሽ ስታዝኚላት ኖረሻላ። … ሁለቴ እያቀረብሽ ታበያታለሽ? እሷ ከትምህርት ቤት ምሳዋን በልታ መጥታ?

ቆይ ቆይ። ለእኔ የምትለኝ ሌላ ነው እኮ። ማታ እትዬ ቤት ምን በላሽ ስላት፣ ምንም፣ አንቺን ጠበቅኩ ነው የምትለኝ። … ሁልጊዜ። … ደርቤ አቀርብላታለሁ ነዋ። ደስ ብሎኝ። ምን ልዋሽሽ፣ እርቧት እኔን ስትጠብቅ ደስ ብሎኝ።

… እንዳትዘጊ። ስልኩን እንዳትዘጊ።

— ሚጣ። ነይ እስኪ። … አልቆጣሽም፣ ነይ። … ለእትዬ ምሳ አልተቋጠረልኝም ትያታለሽ? … ለእኔ ደግሞ እዚያ አልበላሁም? … የትኛው ነው ውሸቱ? … ሁለቱም? … ለምን፣ የኔ እናት? … ቀና በይ። አልሰማሁሽም፣ ቀና ብለሽ ንገሪኝ። —

…

ሄሎ። … አለሁ፣ እትዬ። … ወደ ክፍሏ ሰድጃታለሁ።

ምን አለች መሰለሽ? "እትዬ ስበላላት ደስ ይላታል፤ አንቺ ደግሞ እዚያ አልበላሁም ስልሽ ደስ ይልሻል" አለችኝ። … እንዲህ ነው ያለችው፣ አንድ ቃል አልጨመርኩም። "ጠገብኩ ካልኩሽ ታኮርፊያለሽ" አለችኝ። … አንቺም ታኮርፊያለሽ፤ እሱንም ብላለች፣ ደስ እንዳይልሽ። … "አንዳንዴ ሆዴን እያመመኝ ነው የምበላው" አለች።

…

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ሐኪሟ ፊት አክስቷ፣ አክስቷ እያልኩ ስከስሽ አርፍጄ።

እትዬ፣ እኔና አንቺ ስንወዳደር ልጅቷ ላይ ወጣ እኮ። … አይ፣ ኬኩ ብቻ አይደለም። መኪናሽም ነው፣ የእኔም ታብሌት ነው፣ ብስክሌቱም ነው። … አዎ፣ ብስክሌቱንም ራሴ አልኩት።

… ቀናሁ፣ አዎ። ይኸው ስሙን ጠራሁልሽ። እናታችን ስትሞት እኔን ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። የራሴን ልወልድ ነው፣ አንድ ነገር እንኳን ከአንቺ ቀድሜ ላውቅ ነው ስል፣ እዚያም ቀድመሽ ቆየሽኝ። … አትሳሳቺ፣ አሁንም ቀንቻለሁ። ነገም እቀናለሁ። በአንድ ስልክ የሚተው አይደለም።

… አታልቅሺ። … እትዬ፣ አንቺ ስታለቅሺ እኔ አልችልም፣ ታውቂያለሽ። … ያቀረብሽውን ብዪው እንግዲህ፣ ይቀዘቅዛል። … ብቻሽን? … ሚጣ ሳትመጣ ምሳ በልተሽ አታውቂም? … ስንት ዘመን? … ይህን ደግሞ ለእኔ አልነገርሽኝም። ለካ እሷን የምታበያት አንቺ መብላት እንድትችይ ነው።

… ምንድን ነው? … እኔ ጋ ነው፣ የሆነ ነገር ወደቀ።

— ሚጣ! በረንዳ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? … ፍራሹን ማን አንሺ አለሽ? —

እትዬ፣ ብስክሌቱን እያወጣች ነው። … ሰምታ ነዋ። በሩን ዝጊ ስላት ዘግታ ከኋላው ቆማ ነበር። … በሸረሪት ድር ተሸፍናለች፣ ብታያት። … ጎማው? ሁለቱም ሞተዋል። … እኔ ነኝ ያስተነፈስኩት። አትሳቂ። … አትሳቂ ብያለሁ። … መንፊያ ከየት አመጣለሁ? … አንቺ ጋ አለ? ከብስክሌቱ ጋር ነው የገዛሽው? … እና እስከ ዛሬ አስቀመጥሽው።

…

ልላካት? … ቅርብ ነው፣ በእግረኛ መንገዱ በእግሯ ትመጣለች፣ መኪናሽን እንዳታስነሺ። ሐኪሟም ቀስ ብላ ትንቀሳቀስ፣ ሲደክማት ትረፍ ነው ያለችው። እየገፋችው ትምጣ። … ስትደርስ ውኃ ስጫት። … ውኃ ብቻ፣ እትዬ። … ኬኩን ለጎረቤት ላኪው። ቀለል ያለ ነገር ሲርባት ትበላለች፤ ራሷ ራበኝ ስትል። … እኔም ማታ አልደርብም። ጠገብኩ ስትል ሳህኑን አነሳለሁ። … ሳላኮርፍ። … እሞክራለሁ ነው ያልኩት።

— ሚጣ፣ የጫማሽን ክር እሰሪ። … ሁለቱንም። … ደረጃው ላይ ቀስ ብለሽ፣ እኔ አወርድልሻለሁ፣ ቆ… —

ወረደች። ራሷ ይዛው ወረደች። ቻው እንኳን አላለችኝም።

… በመስኮት ትታየኛለች። … እየገፋች ነው። … ቆመች። … ትንፋሽ እየወሰደች ነው፣ አትደንግጪ። … ይኸው ቀጠለች። … ፈጠን ፈጠን እያለች ነው፣ እትዬ። … ወደ አንቺ ነዋ፣ ወደ ማን ትፈጥናለች።

እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ። ጎማውን ከነፋሽላት በኋላ ከኋላ መቀመጫውን ያዢላት። … አንቺ ያዢ፣ እሺ ብያለሁ። ግን እንዳትለቂያት። … ጫማዬን እያደረግኩ ነው። የአንድ እግሩ የት ገባ? … አንዴ ከለቀቅሻት ብቻዋን ትሄዳለች፣ የመጀመሪያው ደግሞ አንዴ ነው። … ስትሄድ ማየት እፈልጋለሁ። ከአንቺ እኩል። … እትዬ፣ እኔ ሳልደርስ እንዳትለቂያት።

… ሄሎ? … የግቢሽ በር ተከፈተ ልበል? … እትዬ? … ሄሎ?