ባለወርቅ ጭልፋውን ፍለጋ

— ሄሎ… ሄሎ? አቤት እናትዬ! … እሰማሻለሁ፤ አንቺስ ትሰሚኛለሽ? … ቆይ ይሄ አውቶቡስ ይለፍ… እሺ፣ አሁን።

— ደህና ነን፣ ደህና ነን። አባትሽም ደህና ናቸው። ይኸው አጠገቤ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሰው ያያሉ። … አይ፣ ሆቴል አይደለንም፤ መንገድ ላይ ነን። … ሐኪሙን? አገኘነው እንጂ! ጠዋት ውጤቱን ነገረን። ልባቸውም ደህና፣ ሆዳቸውም ደህና፣ ምንም የለባቸውም። «ሰውየው ከምግብ ተጣልተው ነው፤ አብላቸው» አለኝ። … አዎ፣ ይቺን ለመስማት ነው ባሕር ያቋረጥነው።

— በሉ ወይ? … እሱን እየመጣሁበት ነው። … ኧረ አልሸሸሁም! … እሺ፣ ትንሽ ሸሽቻለሁ።

— ያ ባለወርቅ ጭልፋው ትዝ ይልሻል? … ቴሌቪዥን ላይ የማየው ሼፍ ነዋ! … እኮ፣ እሱ ሲያማስል እኔ ምራቄን የምውጥለት። ከተማው የሱ አይደል? ሐኪሙ «አብላቸው» ሲለኝ ደረቴን ነፋሁና «አባባ፣ ይሄን ለኔ ይተዉት። የሱን እጅ ቀምሰው እምቢ ካሉ ስሜን ለውሻ ያውጡት!» አልኳቸው። … ለውሻው አዘንሽለት? እውነትሽን ነው።

— የመጀመሪያው ምግብ ቤቱ ዝግ ነው። ሁለተኛው ክፍት ነው፤ ግን በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ «ቀጠሮ አላችሁ?» አለን። … ምሳ ለመብላት እኮ ነው! እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? «ሼፉ በደንብ ያውቀኛል።» … አልሳቀም። በጨዋ ደንብ ጎንበስ አለና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

— አባትሽማ «ተወው ልጄ፣ ሆቴል ገብቼ ጋደም ልበል» አሉኝ። እማማ ካረፉ ወዲህ ሌላ ቃልም የላቸው። እኔን ደግሞ እልህ ያዘኝ። ዞሬ ዞሬ ሦስተኛ ቤት አገኘሁ። የሰውየው ፎቶ የበር ያህል ሆኖ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ ስሙም አለ፣ ጭልፋውም አለ። ውስጥ ጠረጴዛው ሁሉ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ የታጠፈ ናፕኪን… ደግሞ ማንም የለበትም! «አዩ አባባ፣ ከሰው ቀደምን» ብዬ ወንበር ሳብኩላቸው።

— ተቀመጥን። … ቆየን። … ኧረ በጣም ቆየን። አባባ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄደው «ቧንቧው ውሃ የለውም» ብለው ተመለሱ። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ፣ አይደል? … አልነቃሁም። በኋላ አንዲት ሴትዮ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ሜኑ ነው ብዬ ገለጥኩት፤ ፎቶ በፎቶ ነው። ቀይ ድስት አየሁና በጣቴ «ሁለት» አልኳት። «ከነክዳኑ?» አለችኝ። እንዳይቀዘቅዝ ብዬ «እንዴታ፣ ከነክዳኑ!»

— አትሳቂ፣ ገና ነው! … እሺ ሳቂ።

— ሁለት ካርቶን ተሸክማ መጣች! … ድስት ነዋ! ባዶ ድስት! ለካ ቤቱ የማእድ ቤት ዕቃ መሸጫ ኖሯል። ሰውየው ስሙን ለድስት አከራይቷል። እኔ ደግሞ እሷ እስክትመለስ አንጀቴ ታጥፎ፣ ጠረጴዛው ላይ ከተደረደረው ፖም አንዱን ገምጬ ነበር። … ፕላስቲክ። … አለ፣ ጥርሴ አለ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ያሉት እኔን አይተው መሆን አለበት።

— ግን ስሚኝማ… ሄሎ? … አባትሽ ሳቁ። … ፈገግታ አይደለም እኮ የምልሽ! ፖሙን ከአፌ ሳወጣ አይተው፣ ጠረጴዛውን እየደበደቡ፣ እንባቸው ጠብ ጠብ እስኪል! ሴትዮዋም አብራ ሳቀች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እያልኩ፣ እነሱ ሆዳቸውን ይዘው ይንፈራፈራሉ።

— ከዚያማ የምሳ ሰዓቷ ኖሮ ከባንኮኒው ጀርባ ጠራችን። ከቤቷ የያዘችው ሾርባና ዳቦ ነው። ለሦስት ተካፈልናት። … አዎ። … አዎ፣ በሉ! ሳህኑን በዳቦ ጠርገው በሉ እንጂ! ጨው እንኳ ያንሰው ነበር፤ እንደኔ እንደ ምግብ አዋቂው ከሆነ… እሺ፣ ዝም አልኩ።

— ሄሎ? … እናትዬ? … እያለቀስሽ ነው? … አይዞሽ። … እኔማ ያኔ ሲበሉ ሳይ፣ ዕቃ የምመርጥ መስዬ ወደ ድስቶቹ ዞርኩ። እንዳያዩኝ።

— ምን? … አንዱን ገዛሁት፣ በኀፍረት። … ቀዩን። … ኧረ አትቆጪ!

— አባባ፣ ልጅዎ ናት፤ ያናግሯታል? … «ቆይ» ይላሉ። … ተነሱ። … አባባ፣ ወዴት ነው? … እናትዬ፣ ከመንገዱ ማዶ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት አለች። ለካ ሰው የሚያዩ መስለው እሷን ነበር የሚያዩት! … አይ፣ የማንም ፎቶ የለባትም። … ምን አሉ አባባ? … ሰማሽ? «ያቺ ሾርባ ሆዴን ቀሰቀሰችው፤ ርቦኛል» አሉ!

— ኧረ ተሻገሩ! አባባ፣ ይጠብቁኝ እንጂ! … እናትዬ፣ ገቡ… ተቀመጡ… አስተናጋጁን እየጠሩ ነው። ልዝጋ፣ ካርቶኑን ላንሳ። … ኧረ እኔ አላዝም፣ ምን በወጣኝ! እሳቸው ይዘዙልኝ። … እሺ። … እሺ የኔ ቆንጆ። ቻው!