ለፊት ጎማ የሚሆን መቆለፊያ

ወንድሜ ሾፌር ነበር። ባለፈው ክረምት በሮብ ገበያ መንገድ መኪናው ገደል ገብታ ሞተ። ቤታችን ውስጥ «ፍጥነት ነው የገደለው» እንል ነበር።

ትናንት ከማርቆስ በላንድሮቨር በዚያው መንገድ ስመለስ ከፊቴ አንድ ወጣትና አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ያወሩ ነበር። ወጣቱ መኪና ገዝቷል። በጭቃ ላይ ሁለቱን የፊት ጎማዎች አብሮ የሚያሽከረክር መቆለፊያ ሊያስገጥምላት ነው።

«ሁለት ዓይነት አለ፣ ጋሼ። አንዱ ራሱ ይቆልፋል፣ ራሱ ይፈታል። ሌላው ወርደው በእጅ የሚቆልፉት ነው። እኔ በእጄ ያልቆለፍሁትን አላምንም።»

«ቆልፈህ ዳገቱን ወጣህ እንበል። ቁልቁለቱ ላይ ካልፈታኸው መሪው እሺ አይልህም።»

«ከላይ ቆሜ እፈታዋለኋ!»

«ማን ያስቆምሃል? ወርዶ ሲገፋ የነበረው ተሳፋሪ ሁሉ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይሳፈራል። ቄሱ ሳይቀሩ ጥምጣማቸውን ይዘው ይሮጣሉ። ‹እንዳትቆም፣ ተመልሳ ትያዛለች!› እያሉ ይጮሁብሃል።»

«አልሰማቸውም።»

«ገፍተው ያወጡህን ሰዎች? ታፍራለህ እንጂ!»

«አምና እዚህ የሞተው ሾፌር ግን በፍጥነት ነው አሉ።»

«አልፈጠነም። መቆለፊያውን ሊፈታ ሊቆም ነበር።»

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«ከጎኑ ነበርሁ። እንዳትቆም ያልሁት እኔ ነኝ።»



«እንግዲያው ራሱ የሚፈታውን እገዛለሁ» አለ ወጣቱ።

«እሱን ግዛ፣ ልጄ።»

ሽማግሌው ዞረው «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» ሲሉኝ፣ የአባቴን ትቼ የአጎቴን ስም ነገርኋቸው።