የስቴፍካ ያኪሞቫ ተራ

ባይ ራንግል ጾኔቭ («ባይ» በአገራቸው እንደ «ጋሼ» ያለ መጠሪያ ነው) ንፍሮውን በወረቀት ስኒ እየሰፈሩ ለመጣው ሰው ሁሉ ሲያድሉ፣ አንዲት የማያውቋት ወጣት እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። ዕለቱ የጎረቤታቸው የስቴፍካ ያኪሞቫ አርባ ነበር። በስኳርና በዋልነት ለውዝ የተለወሰውን ስንዴ ተቀብሎ «ነፍስ ይማር» ማለት መቃብር ዳር ለቆመ ሁሉ ወግ ነው፤ የተጣላ ሰው እንኳ አይመልሰውም።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ አይመለስም» አሏት ስኒውን ወደ ደረቷ እያስጠጉ።

«አውቃለሁ፣ አባት። ከእጅዎ ብቀበል ግን በደል ይሆንብኛል።»

ባይ ራንግል ግልጽ ያልሆነ ነገር አይወዱም፤ ቢያንስ ስለ ራሳቸው የሚያስቡት እንደዚያ ነበር። ስኒውን እንደያዙ ከጥዱ ሥር ወዳለው አግዳሚ ወንበር አመለከቷት። ለቀስተኛው ጭቃና በረዶውን እየረገጠ ወደ አውቶቡሱ ወረደ። የሟች ልጅ ፕላመን ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ወይን መቃብሩ ላይ አፍስሶ ተከተላቸው። ሁለቱ ቀሩ።

«ዘመዷ ነሽ?»

«አይደለሁም። ኔቬና እባላለሁ። በሕይወት ሳለች አላየኋትም። የአርባዋን ማስታወቂያ ፋርማሲው በር ላይ ተለጥፎ አነበብኩና መጣሁ።»

«እኔ ራንግል ነኝ፤ ከእሷ በታች ያለው ፎቅ ነው የምኖረው። የወደቀች ጊዜ ከላይ ሰምቼ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ አምቡላንስ የጠራሁትም እኔ። ወጥ ቤቷ ወለል ላይ ተቀምጬ እጇን ይዤ ‘ይመጣሉ ስቴፍካ፣ መንገድ ላይ ናቸው’ እያልኩ ስዋሻት ቆየሁ። ሲመጡ እጇ ቀዝቅዞ ነበር። እነዚያ ሰካራም ሾፌሮች! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልረግማቸው አድሬ አላውቅም።»

ወጣቷ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ሾፌሮቹን አይርገሙ። አምቡላንሶቹን የሚልከውን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያም ነገሩን እንዳለ ተናገረች።

«የአምቡላንስ ድርጅቱ የግል ነው፤ የኮምፒውተር ሥራው የእኔ ነው። ጥሪ ሲመጣ ፕሮግራሙ በተርታ ያስቀምጠዋል፤ ሕመሙ የጠናበት ከፊት፣ የቀለለለት ከኋላ። መኪና ሲገኝ ከፊት ላለው ይላካል። እሷ ከሁሉም ፊት ነበረች። ያን ሳምንት መንገዱ ሁሉ በረዶ ሆኖ ሰው ይወድቅ ነበር። ስልክ የሚያነሱት ልጆች ‘ዘመድ ሲጠይቀን ስም ቶሎ እንድናገኝ በፊደል ተራ አሳዪን’ አሉኝ። ለዓይን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ ለዚህ ትእዛዝ አለው። መመሪያውን ከፍቼ አየሁ፤ ‘ተርታውን ደርድሮ ይሰጣል’ ይላል፣ አለቀ። እኔም ግልባጭ የሚሰጠኝ መሰለኝ። ለካ የሚደረድረው ዋናውን ራሱን ነው! ከዚያ ወዲያ መኪኖቹ በፊደል ተራ ሄዱ።»

ያኪሞቫ። በእነርሱ ፊደል «ያ» የመጨረሻዋ ናት። ባይ ራንግል ይህን ለማሰብ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«ከእሷ በፊት ለማን ተላከ?»

«ለአንጌሎቭ። ቁርጭምጭሚቱን ወለም ብሎት ነበር።»

«ቋንቋው… ማን ይባላል?» አሉ ሽማግሌው። መልሱን ፈርተው ነበር የጠየቁት።

«ቬስሎ።»

እዚህ ላይ ስለ ባይ ራንግል አንድ ነገር መናገር ይገባል። ሰውየው ቅን ናቸው፤ የዕውቀት ኩራት ግን ነበረባቸው። ቬስሎ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከጓደኞቻቸው ጋር ያበጁት በወጣትነታቸው ነው። ነገሮችን በተርታ ስለሚይዙት ድርድሮች የሚናገረውን የመመሪያ ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው እንኳ የማረሚያ ቁልፉን አልለቀቁም። በዚያ ዘመን የኮምፒውተር ሆድ ጠባብ ስለነበረ ቃል መቆጠብ ሙያ ነበር። ዘመኑ አለፈ፤ ሆዱም ሰፋ፤ እሳቸው ግን አጭር መጻፍን ከዐዋቂነት፣ ማብራራትን ከለፍላፊነት ቆጥረው ቀሩ። ሰው የሚያውቀውን ሌላውም የሚያውቀው ይመስለዋል፤ የተማረ ሰው ደግሞ ይህ በሽታ ይጠናበታል።

«ሞክረሽ አላየሽውም?» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«ሞከርኩት እንጂ! ስሙ በፊደል ተራ ቁልጭ ብሎ መጣልኝ። የሞከርኩት የታዘዝኩትን ነው። ዋናው ይነካል ብሎ መመሪያው ያልነገረኝን በምን አስቤ ልሞክር?»

«በቋንቋው የሠራ ሰው ያውቀዋል።»

«የሠራበት ያውቀዋል፣ ልክ ነዎት። መመሪያ የሚጻፈው ለሚያውቅ ሰው ነው እንዴ?»

«ማስተዋል የሚባል ነገር አለ፣ ልጄ። ሁሉን አላምጦ ማጉረስ አይቻልም።»

«ማስተዋሉን በምን ላይ ላሳርፈው? ከእሱ ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ ከተርታው ቆርጦ የሚሰጠው ነው። ያኛው ዋናውን አይነካም። የሁለቱም አጻጻፍ ግን አንድ ነው፤ ይሄም ‘ይሰጣል’፣ ያም ‘ይሰጣል’።» አሰበችና ቀጠለች፦ «ይስሙኝ። ምድር ቤትዎ ውስጥ የድልህ ጠርሙስ ይኖርዎታል። ‘ስሙን በተራ ጽፈሽ አምጪልኝ’ ብለው ቢልኩኝና፣ እኔ መደርደሪያውን በሙሉ አገለባብጬ ብመለስስ? ቀድሞ መበላት ያለበት ከኋላ ገብቶ ቢሻግትስ?»

«ማን አዘዘሽ እልሻለሁ!»

«እኔስ ያንን ትእዛዝ ማን አዘዘህ አልለውም?»

ባይ ራንግል ምድር ቤታቸው ውስጥ ስላለው ድልህ አሰቡ። በየመኸሩ የምትሰጣቸው ስቴፍካ ነበረች። የቀረችው አንዲት ጠርሙስ ናት፤ ሊከፍቷት አልደፈሩም።

«ከሞተች በኋላ ለመመሪያው ሰዎች ጻፍኩላቸው» አለች ኔቬና። «‘ዋናውን እንደሚለውጥ የምትናገር አንዲት መስመር ጨምሩ’ ብዬ። ለመንኳቸው ማለት ይቀላል። የመጣልኝን መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ‘ላስተዋለ አንባቢ ግልጽ ነው። ተዘግቷል። ር. ጾ.’»

ሽማግሌው ያን መልስ የጻፉት ሻያቸውን እየጠጡ ነበር፤ ስኒው ሳያልቅ ረስተውታል። አሁን ስለ ራሳቸው ሊናገሩ ፈለጉ፤ ግን ፈሩ።

ኔቬና ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ ከፋርማሲው በር የነቀለችው የሟች ማስታወቂያ ነው። «ይሄን ደግሞ ይዩት። እኔ ለሰፈሩ እንግዳ ነኝ፤ እዚህ ሁለት የመቃብር ቦታ እንዳለ አላውቅም ነበር። ምን ይላል? ‘የላይኛው መቃብር፣ በኖራ የተቀባው በር። የታችኛው አይደለም።’ አውቶቡሱ ከየት እንደሚነሳ ሳይቀር ተጽፏል። ይህን የጻፈ ሰው አንድም ሰው እንዲጠፋበት አልፈለገም። ያንን መመሪያ እሱ ጽፎት ቢሆን ኖሮ ሴትየዋ ዛሬ ቤቷ ነበረች።»

ባይ ራንግል ወረቀቱን ዐወቁት። ፕላመን «ባይ ራንግል፣ መቃብራችን የት እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ማሳጠር ይሻላል» ብሎ ተከራክሯቸው ነበር። እሳቸው ማተሚያ ቤቱ መሃል ቆመው «የማያውቀው ነዋ! ማስታወቂያ የሚለጠፈው ለማን ሆነና!» ብለው ጮኸውበታል። የገዛ ጩኸታቸው አሁን ጆሯቸው ውስጥ ደወለ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ባይ ራን…»

«ቆይ፣ አታመስግኝኝ። መመሪያውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ር. ጾ. ማለት እኔ ነኝ። ራንግል ጾኔቭ።»

ኔቬና ብድግ አለች። ትሰድበኛለች ብለው ጠበቁ፤ ብትሰድባቸው በወደዱ። እሷ ግን ወረቀቱን፣ ቀጥላም እሳቸውን አየችና በቀስታ ጠየቀች፦ «አንድ ሰው ሁለቱን እንዴት ይጽፋል?»

በሕይወታቸው እንደዚህ የከበደ ጥያቄ አልገጠማቸውም። ወደ ማስታወቂያው እያመለከቱ መለሱ፦ «ይህን ስጽፍ ሰዎቹ በዓይኔ ይታዩኝ ነበር። አበባ ይዘው የታችኛው በር ላይ በብርድ ሲንከራተቱ። ያንን ስጽፍ ማንም አልታየኝም፣ ልጄ። ራሴን ብቻ ነበር የማየው። ለራሴ ነው የጻፍኩት።»

«እንግዲያው ይክፈቱት። የዘጉትን ይክፈቱት።»

«አንዲት መስመር ስቴፍካን አትመልስልኝም።»

«አትመልስም። እኔንም አታድነኝም። የፖሊስ መርማሪ ጠርቶኛል፤ ሄጄ ቃሌን እሰጣለሁ፤ ጥፋቴን አልክድም። ሳልጠይቅ አምኛለሁ፤ ይሄ የእኔ ነው። ነገ ግን በሌላ ከተማ አንድ ሌላ ሰው ያንን ገጽ ይከፍታል። እሱም ‘ይሰጣል’ የሚለውን አንብቦ ግልባጭ የሚሰጠው ይመስለዋል። የእሱን ተርታ ማን እንደሚጠብቅበት ያውቃሉ?»

አላወቁም። ባለማወቃቸው አፈሩ፣ ተረቱም። ስኒውን እንደገና ዘረጉላት። «በይ ተቀበይኝ። ለሁለታችንም ነው።»

ኔቬና ተቀበለች። «ነፍስ ይማር» አለች። ስንዴውን እየተቀባበሉ በሉት፤ ለአንዳቸውም አልጣመም።

መርማሪው ዘንድ ባይ ራንግል ሳይጠሩ ሄደው «መመሪያው የእኔ ነው» ብለው ቃል ሰጡ። ኔቬና ግን ከሥራዋ ከመባረር አልዳነችም፤ ክሱም እስካሁን አልተዘጋም። ፕላመን ነገሩን ሲሰማ ስልካቸውን ማንሳት ተወ። ይህም መነገር አለበት፤ መታረም ጥፋትን የሚያጥብ የሚመስለው ሰው ብዙ ነውና።

ጸደዩን ሙሉ ሽማግሌው የድርድሩን ክፍል ከሥሩ ጻፉት፤ ኔቬና እያነበበች «እዚህ ጋ አልገባኝም» ትላለች፣ እሳቸው ሳይቆጡ ይደግሙታል። አሁን እያንዳንዱ ትእዛዝ ከምንም በፊት ዋናውን ይነካ እንደሆነና እንዳልሆነ ይናገራል። ቀጥሎ ምን እንደሚሰጥ፣ ተርታው ባዶ ቢሆን ምን እንደሚሆን ይላል፤ ከሥሩም ከትእዛዙ በፊትና በኋላ ያለውን በምሳሌ ያሳያል። ወጣቶቹ ባልደረቦቻቸው በመጀመሪያ ረዘመ ብለው አጉረመረሙ። ነገር ግን ስለ አንድ ትእዛዝ ደጋግሞ የሚጠይቀው ሰው ቀረ፤ ጀማሪው የዐዋቂ ደጅ ሳይጠና ሠራ፤ ዐዋቂውም ከመገመት ዳነ። የሆስፒታል መድኃኒት ማከፋፈያ ፕሮግራም የሚሠራ አንድ ሰው ከሩቅ «መስመርዎን አንብቤ ያንኑ ቀን በእኔም ፕሮግራም የገባውን ያንን ትእዛዝ ሰረዝኩ» ብሎ ጻፈላቸው። ባይ ራንግል ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ አለቀሱ።

ግማሽ ዓመት ሲሞላ እንደ ወጉ የስቴፍካን አዲስ ማስታወቂያ በሕንፃው በር ላይ ለጠፉ። በዚያው ሰሞን አንድ ባልደረባቸው «በምሳሌው ውስጥ ያሉትን ስሞች ለምን በፖምና በፒር አንለውጣቸውም? የመመሪያ ልማድ እንደዚያ ነው» ብሎ ጠየቃቸው። ባይ ራንግል እንዳይነካቸው ለመኑት፤ ምክንያቱን ግን አልነገሩትም።

ስሞቹ ዛሬም አሉ። ከትእዛዙ በፊት፦ ያኪሞቫ፣ ማሪኖቭ፣ አንጌሎቭ። ከትእዛዙ በኋላ፦ አንጌሎቭ፣ ማሪኖቭ፣ ያኪሞቫ። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «ይህ ትእዛዝ ዋናውን ተርታ ይለውጣል። የቀድሞው ተራ አይመለስም።»